ለእማሆይ ማደሪያ የተጠየቀ ፈቃድ

እናቴ የመነኮሰችው መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ነው። እሷ ሸዋ ነበረች፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ። እኔ መቐለ። ስልኩ ተከፍቶ ድምጿን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ከማልቀስ በቀር የተናገርነው ነገር አልነበረም። ቆይታ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁና፣

«በይ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ እማሆይ በይኝ» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«ቆብ ጭኛለሁ። ልጄን በሕይወት ካቆየህልኝ የቀረችኝን ዕድሜ ላንተ ብዬ ተስዬ ነበር። መልሱን ግን አልጠበቅሁም። ድምፅሽን ሳልሰማ ጫንኩት። ከሰማሁ በኋላ ቢሆን ንግድ ይመስልብኝ ነበር።»

አንድ ልጇ ነኝ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። መቐለ የመጣሁት በአማርኛ መምህርነት ተመድቤ ነው፤ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፣ እዚሁ አገባሁና እዚሁ ቀረሁ። ባለቤቴ የአገሩ ልጅ ነው፤ ብረት በያጅ፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር ግን የሚያስቅ። ልጅ አልሰጠንም። ስለዚህ ከአባቴ ሞት ወዲህ የሥጋ ዘመዴ የምላት እሷን ብቻ ነበር።

አውቶቡስ እንደ ጀመረ ሄጄ አየኋት። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ካሉት ጎጆዎች አንዷን ሰጥተዋታል። ዓይኗ ደክሟል፤ ጉልበቷም። ውኃ ትቀዳላት የነበረችው ጎረቤት አግብታ ርቃለች። ዳዊቷን በቃሏ ስለምታውቀው መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ሳታይ፣ ገጹን በሰዓቱ እየገለጠች ትደግማለች። ያን ሳይ እኔ ዘንድ ነይ አልኳት።

«እመጣለሁ» አለችኝ፤ ሳትግደረደር። «ግን ባልና ሚስት ከሚያድሩበት ጣራ ሥር አላድርም። ለብቻዋ በር፣ ለብቻዋ ጣራ ያላት ትንሽዬ ክፍል ትሁንልኝ። ከጓሮሽ ጥግ ብታስጠጊኝ ይበቃኛል።»

«እማዬ፣ ማን ያይብሻል?»

«የተሳልኩለት ያያል።»

ስለቱን የገባችው በእኔ ሕይወት ነው፤ እኔ ዘንድ እንዳታድር የከለከላትም እሱው ሆነ። አንድም ቀን ግን በምሬት አላነሳችውም። እኔም በፊቷ አላነሳሁትም።

ወደ መቐለ እንደ ተመለስኩ መጀመሪያ የሚከራይ ክፍል ፈለግን። በአቅራቢያችን ያሉት አከራዮች አሮጊት መሆኗን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። «ብቻዋን? ብትወድቅስ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ወደ ጓሯችን ዞርን።

ጓሯችን ማለት ከቤቱ ጀርባና ከጎረቤት ግድግዳ መካከል ያለች ጠባብ መሬት ናት። ውኃው ከዓይናለም ጉድጓዶች በተራ ስለሚመጣ ትልቁ ሮቶ እዚያ ቆሟል፤ አጠገቡ የጤና አዳም ቁጥቋጦ፣ ባለቤቴ አንድ ቀን ይጠቅማል እያለ ያከማቸው ቁርጥራጭ ብረት። ሮቶውን ወደ ፊት ቢያወጡት አንዲት ክፍል ትይዛለች። ባለቤቴ በእርምጃው ለካና እጆቹን አራገፈ።

«ቅዳሜ ከሰዓት ብጀምር እሁድ ማታ ቆርቆሮ ትለብሳለች» አለ። «ሰኞ ደንብ አስከባሪ ቢመጣስ ምን ይላል? ቆማለች!»

በሰፈራችን የተለመደው እንደዚያ ነው። መሥሪያ ቤት በሚዘጋበት ቀን፣ በተለይ በበዓል፣ ከየጓሮው መዶሻ ይሰማል። ከቅዳሴ ስመለስ አንዱ ዶሮ ቤት ሲያቆም፣ አንዱ ግድግዳ ሲያስረዝም እያየሁ ነው የምገባው። እኔ ግን ቆብ የጫነች እናቴን በሰንበት በተመታ ምስማር ሥር ማስተኛት አልሆነልኝም።

«በሰንበት አይሆንም። ያለ ፈቃድም አይሆንም» አልኩት። «መጥተው ቢያፈርሱባትስ? በዚያ ዕድሜዋ ከዚያ ድረስ አምጥቼ አሮጊት ሜዳ ላይ ላውጣ?»

«እሺ መምህርት» አለኝ። መምህርት የሚለኝ ሊከራከረኝ ሳይፈልግ ሲቀር ነው።

የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሠራተኛው መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። ገና ሰላም ስለው ከአነጋገሬ ከየት እንደ መጣሁ አወቀና በአማርኛ አስተናገደኝ። ጉዳዬን ጨርሼ እስክነግረው ብዕሩን አስቀምጦ ሰማኝ።

«መምህርት፣ ሁለት መንገድ አለ» አለኝ። «ዕቃ ቤት ከሆነ ጊዜያዊ ነው። እንጨትና ቆርቆሮ፣ መሠረት የለውም፣ ሲፈለግ ይነሣል። አንድ ባለሙያ መጥቶ ያያል፣ ማኅተም ይመታል፣ አለቀ። ሰው የሚያድርበት ከሆነ ግን ፕላን ይፈልጋል። ከአጥር የሚርቅበት ልክ አለው፣ መስኮቱ ወደ ጎረቤት አይዞርም፣ የጎረቤት ስምምነት ይቀርባል፣ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ታይቶ ይጸድቃል።»

«ሰው ነው የሚያድርበት።»

«ገብቶኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ የምለው፣ ዕቃ ቤት ብለው ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ውስጡ ማን እንደሚተኛ ማን ገብቶ ያያል? ሓቂ እንነጋገር ካልን የከተማው ግማሽ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው።»

ለክፋት አልነበረም፤ ሊያግዘኝ ነው። አመስግኜው ወጣሁ። ባለቤቴ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር፤ ስነግረው ሳቀ። «አንዴ ዕቃ በያትና እንገላገል። እሷ እንደሆነች አትሰማ!»

ነገር ግን እሷ ሳትሰማ የማደርገው ነገር አልነበረኝም። ደወልኩላት።

«ዕቃ?» አለች። «እኔ? ምኑን ነኝ? እንስራው ነኝ ሙቀጫው?» ሳቋ ከትንሽነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ እያነሰ እያነሰ የሚሄደው ሳቅ ነው። «አይሆንም ልጄ። በእኔ ምክንያት ሐሰት እንዳትጽፊ። በሐሰት በገባሁበት ቤት ዳዊቴን እንዴት እደግማለሁ? ያለውን እውነት ጻፊ። እኔ አልቸኩልም።»

ስለዚህ ያለውን እውነት ጻፍኩ። በአማርኛ አረቀቅሁት፤ ባለቤቴ ወደ ትግርኛ መለሰው፤ መልሶ እንዲያነብልኝ አደረግሁ። «ለመነኩሲት እናቴ ማደሪያ» ይል ነበር። ከዚያ በላይ ትክክል የሆነ ዐረፍተ ነገር የጻፍኩ አይመስለኝም።

የጎረቤት ስምምነት ለተባለው፣ ከግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ባል የሞተባት አሮጊት ናት። ሁላችንም አደይ፣ እናቴ እንደ ማለት፣ ነው የምንላት። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ግማሹን በትግርኛ ነው። ወረቀቱን ይዘንላት ስንሄድ ሽሮ እየነፋች ነበር።

«እናት ልትመጣ ፊርማ ይጠየቃል እንዴ?» አለች። «ዋይ! አምጪው ጓለይ፣ ልጄ። ጣቴን የት ላድርግ?»

አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ካሳረፈች በኋላ እናትሽን አገናኚኝ አለችኝ። ደውዬ ሰጠኋት። ስልኩን እንደ ጽዋ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ከመይ ኣለኺ ሓፍተይ! ንዒ ደኣ! ንዒ!» እያለች፣ ደህና ነሽ እህቴ፣ ነይ እንጂ ነይ፣ ስትል በትግርኛ ጮኸች፤ ሸዋ ድረስ በጉልበቷ የምታደርሰው ይመስል። ከወዲያ እናቴ «አሜን፣ አሜን! እርስዎንም ያቆይልኝ! አሜን!» ትላለች። እንዲህ ሲሉ ቆዩ። አደይ ስልኩን ስትመልስልኝ ፊቷ በርቶ ነበር።

«ምን አለችሽ አደይ?»

«እኔ እንጃ። ግን ተግባብተናል። ቅዳሴ አብረን ነው የምንሄድ።»

ፕላኑን የሠራልን ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ ተማሪዎች ከሚቀመጡበት ካፌ በላይ ቢሮ ያለው ሰው ነው። ሁሉ ነገር በቶሎ አለቀልን፤ መደቡ ብቻ አስቸገረ። እናቴ አልጋ አትተኛም፤ መደብ ነው የምትፈልገው፣ ከግድግዳው ጋር የተሠራ፣ ስትነሣ ፊቷ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን። ሰውየው አልጋ ፕላን ላይ አይሣልም አለ፤ የቤት ዕቃ ነው፣ በኋላ ይገባል።

«የምልህ መደብ ነው፤ አይገባም፣ አይወጣም» አለው ባለቤቴ፣ በእኔ አነጋገር እየቀለደ። «ከቤቱ ጋር የሚወለድ ነው።»

ሰውየው ሳቀና ሣለው። መደርደሪያ ብሎ ሊጽፍበት ሲል እጁን ያዝኩት። መደብ ብሎ ጻፈ።

ማመልከቻችን በፋሲካ ማግሥት ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ወደ መሥሪያ ቤት የሄደ ሁሉ የሚያውቀው ጊዜ ነው። ፋይሉ ፎቅ ላይ ነው፤ ፋይሉ አልወረደም፤ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፤ ሰኞ ይምጡ። መነጽር ያደረገው ልጅ እኔን ሲያይ ከመቀመጫው እየተነሣ ያፍር ጀመር። «እኔ ጋ የለም መምህርት። መርቼዋለሁ፤ አልተመለሰልኝም» ይለኛል። ክረምቱ ገባ። እናቴ በየሳምንቱ ስደውል ስለ ክፍሉ ቀድማ አትጠይቅም። ስለ ዝናቡ ትጠይቃለች፣ ስለ አደይ ጉልበት ትጠይቃለች፤ ስንብቱ ላይ ሲደርስ ብቻ፣ «የሰዎቹስ ነገር?» ትላለች።

መስከረም ላይ ፋይሉ ተገኘ። ሕንፃው ላይ፣ ከደረጃው ማብቂያ፣ የአምልኮ ቦታዎችን ጉዳይ በሚያየው ክፍል ውስጥ ነበር። አንዲት ጎልማሳ ሴት ከመሳቢያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና፣ እስከ ዛሬ የት ጠፋችሁ በሚል ዓይን አየችኝ።

«የሀገረ ስብከቱን የድጋፍ ደብዳቤ እየጠበቅን ነው» አለችኝ። «የገዳሙ ስም ደግሞ አልተጻፈም።»

«የምን ገዳም?»

«የመነኮሳት ማደሪያ ነው የሚለው እኮ። ስንት መነኮሳት ናቸው? ውኃው እንዴት ሊዳረስ ነው?»

«አንዲት ናት» አልኩ። «እናቴ ናት።»

ወረቀቱን እንደገና አነበበችው። መጀመሪያ ሳቅ መጣባት፤ ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠችው። «ሓፍተይ፣ ይቅርታ» አለች። «መነኩሲት፣ ማደሪያ፣ ፈቃድ የሚል ሲመጣ እኛ ገዳም መስሎን ነው። መሬቱስ እንዴት አነሰ ብለን ተገርመን ነበር።»

በእሷ ልፈርድ አልችልም። በከተማችን ዙሪያ ገዳም የሌለበት ተራራ የለም፤ ያን ቃል ያየ ሰው ሌላ ነገር ባያስብ አይደንቅም። «ለእናቴ» ብቻ ብዬ ብጽፍ ኖሮ ፋይሉ ክረምቱን ሙሉ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ባልተኛ ነበር። ይህን ባለቤቴ ያውቃል፤ አንድም ቀን ከአፉ አልወጣም። የነፍስ አባቴም ስነግራቸው፣ እውነት ጽፈሻል፣ በቃ አሉኝ። በቃ።

ለእናቴ ስነግራት ግን ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

«ገዳም አደረጉልሽ! እንግዲህ እመ ምኔቷ እኔው ነኛ! አደይን የማመነኩሳት እኔ ነኝ በያት!» ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ከሳቁ በኋላም ቀጠለ። ብርድ ነው፣ የክረምት ነው አለችኝ።

ፋይሉ ወደ ወጣቱ ልጅ ተመለሰ፤ እሱም ከዚያ በኋላ ሲሮጥልን ከረመ። ባለሙያዎች መጥተው ለኩ። ከአጥሩ ጋር ያለው ርቀት በአደይ ጣት አሻራ ታለፈልን። ኅዳር ላይ ማኅተሙ ተመታ። ደውዬ «ተፈቀደ» ስላት፣ «እልል!» አለች፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ። «እኔ አልቸኩልም እል ነበር። አሁን ግን ቸኩያለሁ።»

ብሎኬቱን ከሓድነት ሰፈር አመጣን። ባለቤቴ ከሥራ መልስ ይሠራል፤ በበዓላቱ ቀን አይነካውም፤ እኔ ምንም ሳልለው ነው። የበሩን ደፍ ዝቅ አደረገው፣ እግሯ እንዳይመታባት። መደቡን በእጁ ገንብቶ፣ በጭቃና በጭድ ለስኖ፣ ተኝቶበት ሞከረው። ከግድግዳው ማዶ አደይ በየቀኑ «ደረሰ?» እያለች ትጠይቃለች። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ልብሴን ሳልለውጥ ወደ ጓሮ እዞርና ግድግዳው ምን ያህል እንደ ጨመረ አያለሁ።

ግድግዳው አልቆ፣ ጣራው ሳይለብስ፣ አንድ ማለዳ ስልኩ ጠራ። የእሷ ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የነፍስ አባቷ ነበር። «ልጄ» ሲሉኝ ገባኝ።

ለቀብሯ አልደረስኩም። እንኳን እኔ፣ ከወልድያ የሚነሣም ባልደረሰ። መንገዱን ሙሉ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ብርቱካን እየላጠች ትሰጠኝ ነበር፤ እኔም እየተቀበልኩ እይዘዋለሁ። ስደርስ መቃብሩ ገና እርጥብ ነበር። ጎጆዋ ተጠርጓል። ከደጃፉ አጠገብ፣ በነጠላ የታሰረ አንድ ጓዝ ተቀምጧል።

«ማን አሰረው?» አልኳቸው።

«ራሷ ናት» አሉ የነፍስ አባቷ። «ፈቃዱ ወጣ ያልሽ ቀን ነው ያሰረችው። ፈትተን ልብስ እናውጣልሽ ብንላት እንቢ አለች። መፍታት ማሰር አልፈልግም፣ ልጄ ልትወስደኝ ደርሳለች አለች። ባለቻት አጎዛ ላይ ብቻ ነው ስትተኛ የነበረው።»

ጓዙን ሳልፈታ ይዤው ተመለስኩ። አጎዛዋንም፣ መቋሚያዋንም፣ ዳዊቷንም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ጓሮ ውስጥ ጣራ የሌለው ክፍል መካከል ቆሞ ነበር። ለቅሶ ሊደርሱኝ የመጡት ሰዎች ገና አልተበተኑም፤ የአደይ ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማል። አይታ የማታውቃትን እህቷን ነበር የምታለቅሰው። ሰዉ ከሄደ በኋላ ባለቤቴ፣

«ልተወው?» አለኝ።

«አይ» አልኩት። «ማደሪያ ብለን ጽፈናል። ማደሪያ ይሁን።»

ቆርቆሮውን አለበሰው። በሩን በየደው፣ ሰማያዊ ቀባው። አጎዛዋን መደቡ ላይ አነጠፍኩ፤ መቋሚያዋን ከጥጉ አስደገፍኩ፤ ጓዙን እንደ ታሰረ ከራስጌው አኖርኩ፤ ዳዊቷን ከላዩ። ከዚያ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። አርባዋን እዚያው ጓሮ፣ ከበሩ ፊት ለፊት አወጣን።

ካለቀ በኋላ ታይቶ ይጸድቃል ብሎኝ ነበር፤ መነጽር ያደረገው ልጅ መለኪያውን ይዞ መጣ። እናቴ መሞቷን አልሰማም። ደስ ብሎት ነው የገባው። ከአጥሩ ለካ፣ የመስኮቱን አቅጣጫ አየ፣ ጣራውን አየ፣ መደቡን በመዳፉ ነካ ነካ አደረገና «ጽቡቕ! እንዴት ያምራል» አለ።

«መምህርት፣ እንግዲህ ነዋሪዋ ገብተዋል ብዬ ልጻፍ? እማሆይ የት አሉ፣ ቅዳሴ ናቸው?»

ባለቤቴ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተና ወደ እኔ አየ። ከግድግዳው ማዶ አደይ ሰምታ ኖሮ ጭንቅላቷ ብቅ አለ።

«መጺኣ በል!» አለችው። «መጥታለች ብለህ ጻፍ! ምን ቸገረህ አንተ ልጅ? ለወረቀት!»

እስከዚያ ቀን ድረስ ቃሉ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሰው ሲያጽናናኝ አንገቴን እደፋለሁ እንጂ እኔ ራሴ ሞታለች አላልኩም። አሁን ግን እሱ ብዕሩን ይዞ ቆሟል፤ የሚጻፈው ደግሞ የእሷ ነገር ነው።

«አልመጣችም» አልኩት። «ሞታለች። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

ልጁ መነጽሩን አወለቀ። አደይ ከግድግዳው ላይ ወረደች፤ ነጠላዋን ስታጣፋ የምታሰማውን ትንፋሽ ሰማሁ።

«መምህርት» አለኝ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት። ግን… ነዋሪ ከሌለበት ማደሪያ ብዬ ላጸድቀው አልችልም። ደንቡ ነው። ዕቃ ቤት ብዬ ነው የምመዘግበው።» ወደ መሬት አየ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ጻፈው» አልኩ።

ጻፈና ሰጠኝ። በሩ ክፍት ስለነበረ ከቆምኩበት ሆኜ ውስጡ ይታየኝ ነበር፤ አጎዛው፣ መቋሚያው፣ ዳዊቱ፣ የታሰረው ጓዝ። ወረቀቱን እንደ ልማዴ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብዬ አነበብኩት። ሐሰት አልነበረበትም። ፈረምኩ።